ሙሽራዋ ማርስ ላይ ናት

ሰው ማርስ ላይ ሳለ ጥርሱን ቢያመው ማን ይነቅልለታል?

ይህን ያልጠየቅሁት ሰው የለም። መድኃኒት ቤት ያለችውን ልጅ ጠየቅኋት፤ «እማማ፣ ጥርስዎን አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ። ሐጂ ሸረፋን መስጊድ በር ላይ አስቆምኳቸው፤ ፂማቸውን ይዘው ቆዩና «አላህ ያውቃል» ብለውኝ ሄዱ። አላህ ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ። እኔ የፈለግሁት ከሰው ወገን የሚያውቅ ነው።

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጄ በሰልሚያ ነው። አባቷ ሰማን የኔ ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ልጅቷን ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚህ ቡታጅራ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ምህንድስና ተምራ ተመረቀች፤ እሰይ አልን። አሁንማ ደህና ሥራ ትይዛለች ስንል፣ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ልወዳደር ነው» አለችኝ። ባሕር ማዶ ያለ ቤት ነው። እንደ ማርስ አድርገው ሠርተውታል፤ ዙሪያውን ቀይ አፈር አልብሰውታል። ጥቂት ሰዎች ይገቡና አንድ ዓመት ይዘጋባቸዋል። ወደፊት ማርስ የሚሄዱ ሰዎች ያን ሁሉ ጊዜ ተዘግተው ሲኖሩ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ነው አለችኝ።

«ታዲያ ማርስ አይደለማ?» አልኳት።

«አይደለም። እዚሁ ምድር ላይ ነው።»

«ምድር ላይ ከሆነ በሩን ለምን አይከፍቱትም?»

«እማዬ፣ በሩ ከተከፈተ ማርስነቱ ይቀራል።»

ዩኒቨርሲቲ ልኬ ያስተማርኳት ልጅ የምትመልስልኝ እንዲህ ነው። አባቷን በስልክ ጠየቀችው። ሰማን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከባድ ነገር ሲመጣ ወደኔ መግፋት ያውቅበታል፤ «አያትሽ እሺ ካለች እኔም እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በዚህ ላይ መምህር ሱራፌል አለ። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ የፊዚክስ መምህር ነው፤ የጎንደር ልጅ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ። እኔ ልጅቷን ባቀዘቀዝኩ ቁጥር እሱ ያሞቃታል።

«እማማ አሚኔ፣ ድሮ እኮ ሮኬት አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ባሕር ውስጥ ወድቆ ይቀር ነበር። አሁን ተመልሶ በእግሩ ቆሞ ያርፋል! አንዱንማ ሲወርድ፣ ማማ ላይ በተሠሩ የብረት ክንዶች አየር ላይ ቀለቡት» እያለ ስልኩ ላይ አሳየኝ።

አየሁት። እሳት እየተፋ ወረደ፣ ክንዶቹ መሀል ገባ፣ ቆመ።

«የእንሴኖ ሚኒባስ እንኳ መናኸሪያ ሲገባ አጥር ሳይነካ አይቆምም፤ ይሄ ከሰማይ መጥቶ ቀጥ አለ?» አልኩ። መገረሜን እንደ ፈቃድ ቆጠሩብኝ።

እኔም ዝም አላልኩም፤ ሬዲዮ እሰማለሁ። «ለሳምንት ብለው ወጥተው፣ የሄዱበት መንኮራኩር አላስተማመነም ተብሎ ዘጠኝ ወር ያህል እዚያው የቆዩት ሁለቱ ሰዎችስ?» አልኩት።

«በሰላም ተመለሱ እኮ!»

«መመለሱንማ ተመለሱ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ቤተሰቦቻቸው እንዴት አደሩ ብሎ የጠየቀ አለ?»

እዚህ ላይ መምህሩ ሄልሜቱን መወልወል ጀመረ።

ሰልሚያ ከውድድሩ ሰዎች ጋር በቪዲዮ የምትነጋገርበት ቀን ተቆረጠላት። ያኔ ነው ራሴን ልፈትን ያለችው። «እስከዚያ ቀን ከሳሎን ቀጥላ ባለችው ክፍል ተዘግቼ እኖራለሁ። ከቻልኩ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ‹እችላለሁ› እላቸዋለሁ። ያለ ጠፈር ልብስ አንዴ እንኳ ከበሩ መጋረጃ ወዲህ ከወጣሁ ግን ውድድሩን ራሴ እተወዋለሁ።»

«ወላሂ በይ» አልኳት።

«ወላሂ።»

ለካ ልጄን እዚሁ ለማስቀረት የሚያስፈልገኝ አንድ እርምጃ ብቻ ነው! ሌላው ቢቀር ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ልጅ ማስወጣት ያቅተኛል? አልኩ።

የጠፈር ልብስ ያለችው የአባቷን የዝናብ ካፖርትና የመምህሩን ሄልሜት ነው። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ማርስ ላይም ቢሆን ሰው ሽንት ቤት መሄዱ አይቀርም። ካፖርቱን ለብሳ፣ ሄልሜቱን አጥልቃ፣ እርምጃዋን እየመጠነች ግቢውን ታቋርጣለች። መምህሩ ሄልሜቱን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ እስኪመለስ ድረስ ውሃ አፏ አይገባም።

የባሰው የንግግሩ ሕግ ነው። ማርስና ምድር በጣም ሲራራቁ አንድ ቃል ከወዲህ ወዲያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል አለች። መልሱም ለመመለስ እንደዚያው። «ላንቺ አዝኜ ግን የአንዱን መንገድ ብቻ ነው የምቆጥረው፤ ስትጠሪኝ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እመልስልሻለሁ» አለችኝ። አዘነችልኝ! ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ስጠራው ከዚያ በላይ ያስጠብቀኝ ነበር፤ እሱ ግን ጫት ላይ ሆኖ እንጂ ማርስ ሄዶ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ክትፎ አሰናድቼ መጋረጃው ፊት አስቀመጥኩ። ቅቤው ሸተተ፣ ሚጥሚጣው ሸተተ። «ሰልሚያ፣ ነይ ውጪና ብይ!» አልኩ። ቆይታ ቆይታ «አመሰግናለሁ እማዬ፣ ማርስ ላይ ትኩስ ሥጋ የለም» አለች። ክትፎውን መምህሩ በላው።

በማግስቱ «እባብ! ሰልሚያ፣ እባብ ገባ!» ብዬ ጮህኩ። መምህሩ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ጎረቤቴ ዛህራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። ከመጋረጃው ጀርባ ምንም። «ሄዷል፣ ሄዷል» ብዬ በሐፍረት ሁሉንም መለስኩ። ተቀምጬ ጎመን እየከተፍኩ ሳለሁ፣ እባቡን እኔ ራሴ ከረሳሁት በኋላ፣ ረጋ ያለ ድምፅ ከውስጥ «ገደላችሁት?» አለኝ።

ተስፋ ስቆርጥ ደግሞ ስለ ስንቋ መጨነቅ ጀመርኩ። የደረቀ ምግብ ነው የሚበሉት አሉ፤ ውሃ ጠብ አድርገውበት።

«ቆጮ ይዛ ትሂድ» አልኩት ለመምህሩ። «ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ከርሞ ሲወጣ የሚጣፍጥ ምግብ ሌላ የት አለ? ለማርስ ተብሎ የተፈጠረ እኮ ነው።»

«እማማ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታውን አስበውታል?»

«ሽታውን የጠላ ይውጣ!»

«መውጣት አይቻልማ!»

አንድ ቀን ጠዋት «ሰልሚያ፣ ከገበያ አይብ ልግዛልሽ ወይስ ሌላ ነገር?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ጠባቂ ሆኜ መኖሩ ሰልችቶኝ ነበር። ለካ ዛህራ ወንፊት ልትዋስ ትገባለች። ሳሎኑ ባዶ ነው። «አሚኔ! አለሽ?» ስትል ከመጋረጃው ጀርባ «አይብ!» የሚል ድምፅ መጣባት። ስመለስ አንድ ነጠላ ጫማዋን ደጄ ላይ አገኘሁት።

በማግስቱ ጫማዋን ልትወስድ መጣች። ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት ሳይሆን ነገር ያገኘ ሰው ፈገግታ ነበር።

«አሁን ገባኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ልጅቷ ከቤት አትወጣም። ብትወጣም ፀሐይ እንዳይነካት ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና ነው፤ በአጥሩ አይቻታለሁ። ካንቺ ጋር የምታወራው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይላል። አሚኔ፣ ሠርግ ደብቀሽ ልትደግሺ!»

እኛ ዘንድ ሙሽራ ልትዳር ስትል ከቤት አትወጣም። ፀሐይና ነፋስ አይነካትም፤ ሥራ አይነካትም፤ ቅቤና አይብ እየበላች ገላዋ እስኪሞላ ትቀመጣለች። ዛህራ አልተሳሳተችም፤ ያየችውን ሁሉ በትክክል አይታለች።

«የምን ሠርግ! ማርስ ላይ ናት እኮ» አልኳት።

ዛህራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ምነው ስትደብቂ እንኳ ቀረብ ያለ ቦታ ብትጠሪ! አረቅጥ በይ፣ እንሴኖ በይ!»

ከሰዓት በኋላ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ መጣች። በሚቀጥለው ቀን ሌሎቹም ተከተሉ። እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ አላስተባበልኩም። «ሙሽራዋ እንዴት አደረች?» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ጀመር። ሙሽራ ብትርቅ አዲስ አበባ ናት፤ ለዒድ ትመጣለች፤ ብትታመም ተሳፍሬ እደርሳለሁ። ሰልሚያ ይህን ሁሉ ከውስጥ ትሰማለች፤ ከት ብላ ስትስቅ እሰማታለሁ፤ ሳቋም እየዘገየ ስለሚመጣ ቅቤ ያመጡት ሴቶች በማን እንደሚሳቅ ግራ ገብቷቸው ይወጣሉ።

ወሬ እግር አለው። የቪዲዮው ቀን ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሐጂ ሸረፋ ደጄ ላይ ቆሙ። አብረዋቸው ሙባሪክ የሚባለው የእህል ነጋዴ አለ። ዛህራም ከኋላቸው ሾልካ ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ይግቡ፣ ይግቡ ሐጂ።»

ተቀመጡ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሚኔ፣ ባገሩ ያልታየ ነገር ሰማን። ሙሽራ ገብታለች፤ ሽማግሌ ግን አልተላከም። ጠያቂ ሳይኖራት ሙሽራ የምትገባው በየትኛው ሸሪዓ፣ በየትኛው ባህል ነው?»

«ሙሽራው ካልተገኘ እኛ ዘንድ አለ» አለ ሙባሪክ ቀበል አድርጎ። «የወንድሜ ልጅ ዑመይር። መርካቶ ሱቅ አለው። ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ቦታው ክፍት ከሆነ ለምን ባዕድ ይገባበታል?»

እንግዲህ ስሙኝ። በዚያ ሰዓት የመምህሩ ሄልሜት አጠገቤ ወንበር ላይ ነበር። ለምሳ ሲመጣ «ለሰልሚያ ስጧት» ብሎ ትቶልኝ ሄዷል፤ እኔ ግን አልሰጠኋትም። ውስጥ ያለው ካፖርቱ ብቻ ነው። ክትፎ እንቢ ብላኛለች፤ እባብ እንቢ ብላኛለች። ሽማግሌ ቤት መጥቶ ሳትወጣ፣ እጅ ነስታ ሰላም ሳትል ልትቀር ግን አትችልም። እንደዚያ አድርጌ አላሳደግኋትም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

«ሰልሚያ!» አልኩ። «ሐጂ ሸረፋ መጥተዋል። ውጪና ሰላም በያቸው።»

መጋረጃው አልተነቃነቀም።

ሐጂ ቅንድባቸውን አነሱ። ሙባሪክ ወደ መጋረጃው አየ። «ሙሽራ ታፍራለች» አለች ዛህራ ልታግዘኝ።

እኔም መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሙሽራ አለመሆኗን፣ ውድድሩን፣ የሃያ ደቂቃውን ሕግ። የደበቅኩት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከወጣች እንደምትቀር።

ሐጂ ስልካቸውን አወጡና ሰዓቱን አዩ። «ሃያ ደቂቃ? እንጠብቃለና። ስንት የድንበር ክርክር ለዓመታት የጠበቅን ሰዎች!»

እና ተቀምጠን ጠበቅን። ሙባሪክ ብዙ አልቆየም፤ «ሐጂ፣ እዚያ ላይ ቂብላው ወዴት ነው?» አለ።

«የማሌዢያ ሰው ጠፈር ወጥቶ ሰግዷል፣ ሰምተሃል? ዑለማዎቹ ተሰብስበው፣ ወደ መካ ከቻልክ ወደ መካ፣ ካልቻልክ ወደ ምድር፣ ካልሆነም እንደሆነልህ አሉት። አላህ አያስጨንቅም።»

«ሱቅስ አለ?» አለች ዛህራ።

«ጉራጌ ከደረሰ ይኖራል» አለ ሙባሪክ። ቀልዱን ነበር የጀመረው፤ ወዲያው ግን ፊቱ እንደ ነጋዴ ሆነ። «መጫኛው ነው እንጂ የሚያስቸግረው። ያ ቆሞ የሚያርፈው ሮኬት ተመላልሶ ይሠራል ማለት ነው? ሲመለስስ ባዶውን ነው የሚመለሰው? ባዶ መኪና መመለስ ኪሳራ ነው።»

«ምን ጭነህ ልትመልስ ነው፣ ቀይ አፈር?» አሉት ሐጂ።

«የመስቃን በርበሬ ነው ብዬ እሸጠዋለሁ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኔ መጋረጃው ሥር ነበር። የእግሮቿ ጣቶች ታዩኝ። ባዶ እግሯን ናት። አንዱ እግር ቀድሟል፣ ሌላው ኋላ ቀርቷል። ሕፃን ሳለች ወተት ደፍታ ልትነግረኝ ስትመጣ እንዲህ ነበር የምትቆመው።

ሰዓቱ ገና አልሞላም። ግን ልትወጣ ነው። ለሐጂ ብላ አይደለም፤ እኔ በሽማግሌ ፊት እንዳላፍር ነው። መጋረጃው ነቃነቅ አለ። አንድ እርምጃ ቀረ፤ ወላሂ ብላለች፤ ቃሏን አታጥፍም፤ ዑመይር ይሁን ሌላ፣ ሥራ ይሁን ትዳር፣ ልጄ እዚሁ ትቀርልኛለች። ዱዓ ያደረግሁት ለዚህ ነበር።

ታዲያ የለመነው የሆነለት ሰው እንዴት እንዲህ ሆዱ ይባባል? እኔ እንዳላፍር ብላ ነው የምትወጣው! ያሳደግኋትን ጨዋነት ራሱን ወጥመድ አድርጌ አጠመድኩባት።

«ሰልሚያ! ቆይ!» ብዬ ብድግ ስል ሙባሪክ ደነገጠ። ሄልሜቱን ከወንበሩ አንስቼ በመጋረጃው ጎን ወደ ውስጥ ሰደድኩት። «ልብስሽን ሳትለብሺ ወዴት ነው? ውጭው አየር የለውም እኮ!»

ከውስጥ ሁለት እጆች ተቀበሉኝ። ሄልሜቱን ብቻ አይደለም፤ እጄንም ጭምር ይዛ ትንሽ ቆየች። አልተናገረችም፤ ሰዓቱ አልደረሰማ።

ከዚያ ወጣች። የሰማን ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል፤ ሄልሜቱ ፊቷን ውጦታል። ሙባሪክ «ቢስሚላህ!» ብሎ ወደ ኋላው ሸሸ፤ ዛህራ የኔን ቀሚስ ያዘች። ሰልሚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ማርስ ሰው እግሯን እያነሳች መጥታ ሐጂ ፊት ጎንበስ አለች። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ራሷን ሊዳስሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ያገኙት ሄልሜት ነው። ምን ያድርጉ፣ እሱኑ ዳሰሱት፤ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉትና ዱዓቸውን ጀመሩ። «አላህ ይጠብቅሽ። ሄደሽ ከመቅረት ይጠብቅሽ። በሰማይም ብትሆኚ በምድርም ሐላልሽን ብይ።» «አሚን» አልን። እሷ በእጇ ምልክት ሰጥታ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ይኼኔ የሐጂ ሃያ ደቂቃ ሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ፦ «መጣሁ እማዬ! ሐጂ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን በደህና መጡ!»

ሐጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሙባሪክ፣ በል እንግዲህ፣ ለዑመይር እንጠይቅ?»

«ይቅርብን» አለ ሙባሪክ ላቡን እየጠረገ። «ዑመይር አውቶቡስ ላይ እንኳ ያስመልሰዋል።»

ሲወጡ ሐጂ በሩ ላይ ቆም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሚኔ፣ ፈቅደሽላት ነው ወይስ ቸግሮሽ?»

«ሄልሜቱን ማን እንደሰጣት አላዩም?» አልኳቸው።

የቪዲዮው ቀን ሰልሚያ ክፍሏ ውስጥ ሆና ከውጭ አገር ሰዎቹ ጋር ስታወራ ዋለች። እኔና መምህሩ ሳሎን ተቀምጠን፣ እሱ እንግሊዝኛውን እየሰማ እኔ የሱን ፊት እያየሁ። ስትጨርስ መጋረጃውን ገልጣ፣ ያለ ካፖርት ያለ ሄልሜት ወጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መልሱ መጣ። ተቀበሏት።

የምትሄድ ዕለት ጠዋት ሰማን ከወልቂጤ መጥቶ ነበር፤ ዛህራም፣ መምህሩም። ሁሉም የሚለውን አለ። ዛህራ አለቀሰች፤ መምህሩ ስለ ሮኬት የመጨረሻውን ንግግር አደረገ፤ ሰማን «አደራ፣ በርቺ» ብሎ ጫማውን አየ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! ብርድ እንዳይመታሽ፣ ሰው ሲቆጣሽ አትመልሺ፣ ሶላትሽን፣ ምግብሽን፣ እንቅልፍሽን። ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ከሁሉም ፊት የቆመችው ግን አንዲት ቃል ናት፤ «ቅሪ» የምትል። አፌን ብከፍት መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት። ብትወጣ ደግሞ ልጄ ትቀራለች፤ ያን ቀን መጋረጃው ሥር አይቻታለሁ።

«እማዬ፣ ምነው? አንድ ነገር በይኝ እንጂ» አለች ሰልሚያ።

ሁሉም ይጠብቃል። ቡታጅራ ላይ እኔ ዝም ስል ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሻንጣዋን አነሳሁ፤ ይከብዳል፤ ሰማን ሊቀበለኝ ሲል በክርኔ ገፋሁት። ወደ መናኸሪያው የሚወስደን ባጃጅ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ፣ ከሁሉም ቀድሜ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ከቤት ወጣሁ።